የሳንባ ራጅ ለስኳር ሕመምተኛ ምን ይነግረዋል?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሳንባ ራጅ ነው። ከመካከላችን ስኳር ያለባቸው ብዙ ናቸው፤ የሌለባትም እናቷን ወይም ባሏን ታስታምማለች። እየሳለችና እየደከማት «ራጁ ንጹሕ ነው ተብያለሁ» ብላ ቤት የምትተኛ እህት ስላለች፣ ራጅ የሚያሳየውንና የማያሳየውን ማወቅ ይጠቅመናል።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ስኳር ያለባቸው የበለጠ ይጠንቀቁ ሲባል የሰማነው ያን ጊዜ ነበር። ምክንያቱም ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ ሰውነት በሽታን የመከላከል አቅሙ ይዳከማል፤ በሽታው ደግሞ በተራው ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል። አንዱ ሌላውን ያባብሳል።

ጤነኛ ሳንባ አየር ስለሞላው በራጅ ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል። ኮሮና ሳንባ ውስጥ ሲገባ ጉም የመሰለ ነጭ ነገር ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ሳንባ፣ በታችና በዳር በዳር በኩል። ስኳሩ ሳይስተካከል በቆየ ሰው ላይ ይህ ነጭ ሰፋ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ነገር ግን ሦስት ነገር ልብ እንበል።

አንደኛ፣ በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት ራጁ ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ጣት ላይ በሚደረገው መሣሪያ ኦክስጅን መለካት አለበት። ከ90 በታች ከሆነ ጊዜ የማይሰጥ አደጋ ነው። ትንፋሽ ካጠረ ግን ቁጥሩ እስኪወርድ አንጠብቅ።

ሁለተኛ፣ ስኳር ያለበት ሰው በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይሆናል። ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በሳንባው የላይኛው ክፍል ነው፤ ስኳር ባለበት ሰው ላይ ግን ታች ወጥቶ ሌላ በሽታ ሊመስል ይችላል። ሳል 2 ሳምንት ካለፈው አክታ እንዲመረመር እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ቶሎ ቶሎና በጥልቀት መተንፈስ ሁልጊዜ የሳንባ ሕመም አይደለም። ስኳር እጅግ ሲጨምር ደም ውስጥ አሲድ ይበዛል፤ ሰውየው ይጠማዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹ የበሰለ ፍሬ ይሸታል። ራጁ ንጹሕ ነው፣ ሰውየው ግን በሞት አፋፍ ላይ ነው። ይህን የሚገልጠው የደምና የሽንት ምርመራ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ጤና ጣቢያ ስንገባ ከሁሉ በፊት «ስኳር አለብኝ» እንበል። ከጉደር፣ ከጊንጪ ወይም ከጌዶ የምትመጡ እህቶች፣ ለአምቦው ራጅ ገንዘብ እስኪሞላ ቤት አትቆዩ፤ ስኳርና ኦክስጅን በቅርባችሁ ይለኩላችሁ፣ ሪፈር ወረቀትም ጠይቁ። የጤና መድን ደብተራችሁንም በጊዜው አሳድሱ።

ምግብ አልበላም ብላችሁ ኢንሱሊን በራሳችሁ አታቁሙ፤ መጠኑን ባለሙያ ያስተካክለው። ለሳል ብለን ማር በዝንጅብል፣ ጠያቂም ያመጣውን ለስላሳ ለስኳር ሕመምተኛ አንስጥ። ስኳሩ ወርዶ ከሆነ ግን ጣፋጭ ነገር ነፍስ ያድናል። ኦክስጅን ላስፈለገው የኮሮና ሕመምተኛ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ይጠቅማል፤ ስኳርን ግን ከፍ ያደርጋል። በዚያን ጊዜ ስኳሩ ቶሎ ቶሎ እንዲለካ አስታማሚ ትጠይቅ።

የተነሣችሁትን ራጅ አትጣሉ። ሐኪሙ የዛሬውን ነጭ ነጥብ አዲስ ነው ወይስ የድሮ ጠባሳ ብሎ የሚለየው ከቀድሞው ጋር ሲያስተያየው ነው።

በመጨረሻም፣ ስኳር ያለባት እያንዳንዷ አባል ሁለት ጎረቤቶቿን ታሳውቅ። በሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራት መኪና የሚጠራላት ሰው ያስፈልጋታል። ለለቅሶ የምንሰባሰበውን ያህል ለሕመምም እንድረስ።