ድልድይ ሲያልቅ ይታወቃል፤ የቢግ ዳታ ፕሮጀክትስ?



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ያጠነጥናል፦ የቢግ ዳታ ፕሮጀክትን እንደ ማንኛውም ፕሮጀክት መምራት ይቻላልን? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። በከፊል ይቻላል። በማይቻልበት በኩል ካልተጠነቀቅን ግን የሚባክነው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሕዝብ አመኔታም ጭምር ነው።

ንጽጽሩን ከምናውቀው ነገር እንጀምር። ባሕር ዳር ላይ ዓባይን የሚያሻግረውን አዲሱን ድልድይ አስቡ። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። እንዲህ ያለው ልክ የሚወሰነው በንድፉ ላይ እንጂ ሥራው ካለቀ በኋላ አይደለም። ተቋራጩ የሚሠራው፣ አማካሪ መሐንዲሱ የሚቆጣጠረው፣ ባለቤቱ መሥሪያ ቤት የሚከፍልበት ሁሉ በውል ይሰፍራል። የግንባታ ሥራ ሊዘገይ፣ ዋጋውም ሊንር ይችላል፤ የሚጠበቀው ነገር ድልድይ መሆኑን ግን የሚጠራጠር የለም። ሲጠናቀቅ ርክክብ ይፈጸማል፤ መኪናም ያልፍበታል።

ወደ ቢግ ዳታ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ቢግ ዳታ ስንል የመጠን ብዛትን ብቻ ማለታችን አይደለም። ዳግ ሌኒ እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረበው ጽሑፍ መጠንን፣ ፍጥነትንና የዓይነት ብዛትን ለይቶ አስቀምጧል። እኔ ዛሬ የማተኩረው ከእነዚህ ባሕርያት በሚመነጨው የአመራር ችግር ላይ ነው። ለማስረጃነትም አንድ የታወቀ ታሪክ እጠቅሳለሁ።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 የኢንፍሉዌንዛን ስርጭት ሰዎች በኢንተርኔት ከሚፈልጓቸው ቃላት በመነሣት የሚገምት አገልግሎት ጀመረ። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከሐኪሞች የሚሰበስበው ሪፖርት የሚደርሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ነበር፤ አዲሱ ዘዴ ይህን መዘግየት ያስቀራል ተባለ። አጥኚዎቹ 50 ሚሊዮን ያህል የፍለጋ ሐረጎችን ፈትሸው 45ቱን መረጡ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2009 በኔቸር መጽሔት ታተመ። በተለመደው የፕሮጀክት መለኪያ ካየነው ሥራው ተሳክቷል፤ ተሠርቷል፣ ተፈትሿል፣ አገልግሎት ላይ ውሏል።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አገልግሎቱ በ2009 ከተለመደው ወቅት ውጪ የተነሣውን ወረርሽኝ በጅምሩ ሳይለየው ቀረ። ዴቪድ ላዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 በሳይንስ መጽሔት እንዳሳዩት ደግሞ፣ ከኦገስት 2011 ጀምሮ ከነበሩት 108 ሳምንታት ውስጥ በ100ዎቹ የሕሙማኑን መጠን አጋንኖ ገምቷል። በ2015 ግምቱን ለሕዝብ ማውጣቱ ቆመ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት የአመራር ልዩነቶችን እናገኛለን።

አንደኛው ጥሬ ዕቃውን ይመለከታል። ሲሚንቶና ብረት ጥራታቸው በቤተ ሙከራ ተፈትሾ ለግንባታ ይቀርባሉ። ዳታ ግን ብዙ ጊዜ ለሌላ ዓላማ የተፈጠረ ነው። ስለ ጉንፋን የሚፈልግ ሰው ሁሉ አልታመመም፤ ዜና ሰምቶ የፈራም ይፈልጋል። ከዚህም በላይ በኢንፍሉዌንዛ ወራት ከፍ ከሚሉት ፍለጋዎች መካከል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ይገኝበት ነበር። ወቅታቸው ስለ ገጠመ ብቻ በአኃዝ ተዛመዱ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ብሂል ለዳታ ባለሙያ የመጀመሪያ ትምህርት ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው የሥራውን ቅደም ተከተል ይመለከታል። በግንባታ መሠረቱ ከወጣ በኋላ ወደ ንድፉ መመለስ ኪሳራ ነው። በዳታ ሥራ መመለስ የሥራው ባሕርይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ የተዘጋጀው ክሪስፕ ዲኤም የተባለው የአሠራር ሥርዓት ስድስት ምዕራፎች አሉት፦ ዓላማውን መረዳት፣ ዳታውን መረዳት፣ ዳታውን ማዘጋጀት፣ ሞዴል መሥራት፣ መገምገምና ሥራ ላይ ማዋል። ፍላጻዎቹ ግን ወደ ኋላም ያመለክታሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ የማይነቃነቅ ቀነ ገደብ የሚያስቀምጥ ኃላፊ ባለሙያውን ስህተቱን እንዲደብቅ ይገፋፋዋል።

ሦስተኛው ፍጻሜውን ይመለከታል። ድልድዩም ጥገና ይሻል፤ ወንዙ ግን ድልድዩ ስለ ተሠራ ጠባዩን አይቀይርም። የጉግል የፍለጋ ሥርዓት በየጊዜው ይሻሻል ስለ ነበር የሰዎችም ፍለጋ አብሮ ይለወጥ ነበር። የሚለካው ነገር ከሥር እየተንቀሳቀሰ ርክክብ ተፈጽሟል ብሎ ፋይል መዝጋት አይቻልም።

አራተኛ ልዩነት ደግሞ አለ፤ እርሱን ሌላ ታሪክ ያስረዳልናል። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት የሕሙማንን መዝገብ ከሐኪሞች ዘንድ ሰብስቦ ለምርምር ለማዋል ያቀደው ኬር ዳታ የተባለ ፕሮጀክት ነበረው። ዓላማው በጎ ነበር። ነገር ግን ዳታው ለማን እንደሚሰጥና አንድ ሰው መዝገቡ እንዳይወሰድ እንዴት እንደሚጠይቅ በበቂ ሁኔታ አልተብራራም። ተቃውሞ በረታ፤ በ2014 እንዲዘገይ ተደረገ፤ በ2016 ተዘጋ። በዳታ ፕሮጀክት የጥሬ ዕቃው ባለቤት ሰው ነው፤ ፈቃዱን የነፈገ እንደሆነ ሥራው ይቆማል።

ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015ን፣ ቀጥሎም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ከእንግዲህ የሰውን ዳታ የሚጠቀም ፕሮጀክት የሚመራ ሁሉ ሕጉን ከዕቅዱ መጀመሪያ እንጂ ከፍጻሜው ላይ ሊያስበው አይገባም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የተለመደውን የፕሮጀክት አመራር እንጣል አልልም። በጀት፣ ኃላፊነትና ተጠያቂነት በየትኛውም ሥራ ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ለመላው ሥራ አንድ ውል ከመዋዋል በፊት ጥያቄው በዳታው ሊመለስ መቻሉን የሚፈትሽ አጭር ምዕራፍ ይኑር፤ «አይቻልም» የሚለው መልስም እንደ ውጤት ተቆጥሮ ይከፈልበት። ከርክክብ በኋላ ግምቱን ከእውነታው ጋር የሚያመሳክር ሰውና በጀት ይመደብ። ነባሩንም ዘዴ አንናቅ፤ እነ ላዘር ዘግይቶ የሚደርሰው የሐኪሞች ሪፖርት ከጉግል ግምት ጋር ሲጣመር ትንበያው እንደሚሻሻል አሳይተዋል።

ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ የምትመርጡ ተማሪዎች፣ «ምን ያህል ዳታ አለኝ?» ከማለታችሁ በፊት «ይህ ዳታ ከማን፣ ለምን ዓላማ ተሰበሰበ? ነገስ ይለወጣልን?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ቀድሞ የጠየቀ፣ መልሱ ተስፋ ቢያስቆርጠው እንኳ ከሁለት ዓመት ድካም ይድናል።