ሰነፍ የሚለው ቃላችን

(በድሬዳዋ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)

በድሬ ሙቀት፣ ያውም ከምሳ በኋላ፣ ንግግር ማዳመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ላሳጥር እሞክራለሁ።

አዘጋጆቹ «ከሙያሽ አንድ ነገር አካፍዪን» ሲሉኝ «ስለ መማር እክል ልናገር» አልኳቸው። አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቅ ብሎ «አቦ፣ እዚያ የሚሰበሰበው እኮ መማር ያቃተው ሰው አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ርዕሱን የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። እዚህ አዳራሽ ያለነው የማንበብና የመጻፍ ፈተናን ሁሉ አልፈን የመጣን ነን። ከመካከላችን መምህር አለ፣ ርዕሰ መምህር አለ፣ የሰው ኃይል ኃላፊ አለ፣ ወላጅ ደግሞ ብዙ ነው። ስለ አንድ ልጅ «ይችላል»፣ «አይችልም» ብሎ የሚፈርደው እንደኛ ያለ ሰው ነው።

ከአንድ ቃል ልጀምር። በትምህርት ቤት አማርኛችን ተማሪ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጎበዝና ሰነፍ። ሰነፍ ማለት በዋና ትርጉሙ ሥራ የማይወድ፣ ታካች ማለት ነው። እኛ ግን ውጤቱ ዝቅ ያለውን ልጅ በሙሉ ሰነፍ እንለዋለን። ያልሞከረውንም፣ ሞክሮ ያቃተውንም በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። ሲያጠና ያመሸ ልጅ ከ60 ተማሪ 58ኛ ሲወጣ ካርዱን ያየ ዘመድ ሁሉ «ምነው ሰነፍክ?» ይለዋል። ልጁ ግን እንዳልሰነፈ ያውቃል። ስለዚህ የሚቀረው መልስ አንድ ብቻ ይሆንበታል፤ «ካልሰነፍኩ ደደብ ነኝ ማለት ነው»። ብዙ ልጆች ደደብ ከመባል ሰነፍ መባልን ይመርጣሉ። ደብተር መያዝ ይተዋሉ፣ ይረብሻሉ፣ ይቀራሉ። ያን ጊዜ ስማቸው እውነት ይሆናል።

የመማር እክል ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ግልጽ ላድርግ፤ ሦስት ነገሮች ይቀላቀሉብናልና። አንደኛው የአእምሮ እድገት ውስንነት ነው። ይህ ማሰብን፣ መግባባትን፣ የዕለት ኑሮን መምራትን በጠቅላላው ይነካል። ሁለተኛው በትክክል ካለመማር የሚመጣ ወደ ኋላ መቅረት ነው፤ ክፍሉ ተጨናንቆ፣ መጽሐፍ ጠፍቶ፣ ልጁ ርቦት፣ ወይም ዓይኑ ሰሌዳውን አላይ ብሎት። ሦስተኛው ዛሬ የምናገርለት ነው። ልጁ ያስተውላል፣ ያስረዳል፣ እንደ እኩዮቹ ይማራል፤ ዳሩ ግን አንድ የተወሰነ ነገር ከልክ በላይ ይከብደዋል። ማንበቡ ከሆነ ዲስሌክሲያ፣ መጻፉ ከሆነ ዲስግራፊያ፣ ቁጥሩ ከሆነ ዲስካልኩሊያ ይባላል። ብዙ ጊዜ በዘር ይወርዳል። በዲስሌክሲያ ዓይንም ጆሮም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ በአብዛኛው ድምፅን ከፊደል ጋር ማያያዙ ላይ ነው። ግምቶች ቢለያዩም ዘወትር የሚጠቀሰው ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ይህ ችግር እንዳለበት ነው። 60 ልጆች ባሉበት ክፍል ከ3 እስከ 6 ልጆች ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1896፣ የአድዋ ጦርነት በተደረገበት ዓመት፣ ፕሪንግል ሞርጋን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፎ ነበር። ልጁ ብሩህ ነው፣ በጨዋታ ከጓደኞቹ አያንስም፣ ማንበብ ግን ፈጽሞ አልሆነለትም። መምህሩ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ የሚበልጠው እንደማይኖር ተናግሮ ነበር። «የመማር እክል» ለሚለው ስያሜ የሚሆነውን የእንግሊዝኛ ስም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ሳሙኤል ከርክ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ቺካጎ ላይ ለተሰበሰቡ ወላጆች ሲናገር አስተዋወቀው። እነዚያ ወላጆች ልጆቻቸው ሰነፍም ደደብም እንዳልሆኑ ያውቁ ነበር፤ የጎደላቸው ነገሩን የሚጠሩበት ስም ነበር።

«ይህ የፈረንጅ ፊደል ጣጣ ነው፤ የኛ ፊደል እንደተጻፈ ይነበባል» የሚሉኝ መምህራን አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ስለሚወላገድ ችግሩን ፈጥኖ ያጋልጣል። ፊደሉና ድምፁ በሚገጥሙበት ቋንቋ ግን ችግሩ አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል። ልጁ ከመሳሳት ይልቅ እጅግ ይዘገያል። ደግሞም የኛ ፊደል ቀላል ነው ያለው ማነው? 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ በትንሽ ምልክት ብቻ ይለያያሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ ደግሞ መልካቸው ሦስት ሆኖ ድምፃቸው አንድ ነው። መጥበቅና መላላቱ አይጻፍም፤ «ዋና» የሚለው ወንዝ ውስጥ የሚዋኙት ይሁን ከሁሉ የሚበልጠው፣ አንባቢው ከዓረፍተ ነገሩ መገመት አለበት። ለኛ ይህ ሁሉ ሳናስበው ያልፋል። ለዚያ ልጅ ግን እያንዳንዱ ዳገት ነው።

የቀድሞ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ስም ሳይሰጡት ያውቁት ነበር ብዬ አምናለሁ። ልጅ ሀ ሁ ሂ ሃን በዜማ ሊወጣው ይችላል፤ ጣቱ በፊደሉ ላይ ትሄዳለች፣ አፉ ግን የሚዘምረው በቃሉ የያዘውን ነው። ስለዚህ ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ተራው የተሰባጠረ። እዚያ ላይ ፊደሉን የለየውና ዜማውን ብቻ የያዘው ይታወቃሉ። ሌላም ነገር ነበራቸው። ልጅ ወደ ቀጣዩ የሚሻገረው የያዘውን ሲያውቅ እንጂ ዓመቱ ስላለቀ አልነበረም። የቁርዓን ልጆችም ሉሐቸውን አጥበው አዲስ የሚጽፉት ያለፈውን ሲጨርሱ ነው። አለንጋውና ልምጩ እንዳለ አልረሳሁም፤ እሱን መልሱልኝ የሚል የለም። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ጊዜውን መስጠት ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው ለሚሉ፣ መልሱ እዚሁ ደጃችን ላይ አለ።

አሁን ወደ ከተማችን ልምጣ። እኔ ከግቢ ከወጣሁ በኋላ የሠራሁት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ ላንሳላችሁ። ቤቷ ኦሮምኛና አማርኛ ይነገራል፣ ጎረቤቶቿ ሶማሌዎች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ አክስቷ ዘንድ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። በሦስት ቋንቋ ትከራከራለች፣ የገንዘቡን መልስ ሳትሳሳት ታወጣለች። ክፍል ውስጥ ግን የማንበብ ተራዋ ሊደርስ ሲል «ቲቸር፣ ልውጣ?» ትላለች። ሁልጊዜ። በዚህ ጠባይዋ መጨረሻ ዴስክ ላይ ተቀምጣ ተረስታለች። አክስቷ «ዓይን ነው» ይላሉ። አስተማሪዎቿ «ቋንቋ በዝቶባት ነው» ይላሉ።

ይህን ሁለተኛውን በድሬዳዋ አብዝቼ ስለምሰማው ልመልስበት። እዚህ ከተማ ትምህርት በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በሶማሊኛም ይሰጣል። እንግሊዝኛ ይጨመራል፤ ቁርዓን የሚቀራ ልጅ ደግሞ የዓረብኛውን ፊደል ያውቃል። ይህ ሁሉ ሸክም ሊሆን ይችላል፤ ዲስሌክሲያን ግን ቋንቋ ማብዛት አያመጣውም። ቢያመጣው ኖሮ ድሬ ውስጥ አንባቢ ባልተገኘ ነበር። ምክንያቱን በቋንቋ ላይ ስንጥል የሚሆነው ልጁ መረዳት ያለበትን ዓመታት ማባከን ነው።

ልጅቷን ሀ ሁን በተራ ጠየቅኳት፤ ወጣችው። አቡጊዳን ጠየቅኳት፤ እ«ጊ» ላይ ቆመች። ከዚያ ወረቀት ላይ ከ10 ጥያቄ 2 ያገኘችበትን የሳይንስ ፈተና አነበብኩላትና በቃሏ መለሰች፤ 8 አገኘች። ያው ልጅ፣ ያው ጥያቄ። የተለወጠው ጥያቄው የመጣበት መንገድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ተአምር አይደለም። በቀን 20 ደቂቃ፣ ጥቂት ፊደል በአንድ ጊዜ፣ መጀመሪያ ድምፁን መስማት፣ ቀጥሎ አሸዋ ላይ በጣት መጻፍ፣ የትናንቱን ደግሞ ሳይሰለቹ መከለስ። ዓመት ፈጀ። ዛሬም ቀስ ብላ ነው የምታነበው፤ ምናልባት ሁልጊዜም እንዲሁ ይሆናል። ግን ተራዋ ሲደርስ አትወጣም።

አመለካከት ምን ሊሠራ እንደሚችል በአገራችን ያሳየች አንዲት ሴት አለች፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ። የእሷ ጉዳይ ኦቲዝም ነው፤ ከመማር እክል የተለየ መሆኑን አደራ። ልጇ ኦቲዝም ያለበት እናት ስለነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ቤት ውስጥ ተደብቀው ለነበሩ ልጆች እናቶች በአደባባይ «ልጄ ይህ ነው» የሚሉበት ቦታ ሆነ። ልጆቹን ለማናገርም በገዛ ፊደላችን ድምፆች ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የሚል ዘዴ ቀየሰች። ያ የጥንት አቡጊዳ እንደገና ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈች። እኔ ከእሷ ሥራ የምወስደው ይህን ነው፦ እርዳታው የተጀመረው ገንዘብ ሲገኝ ሳይሆን አንዲት እናት ልጇን ማፈሯን እንቢ ስትል ነው።

በወረቀት ላይ ብዙ አለን። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የልዩ ፍላጎት ትምህርትን አንስቷል፤ አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አካቶ ትምህርት የሚለውን ቃል ዛሬ የማያውቅ ርዕሰ መምህር የለም። ነገር ግን «ድጋፍ» ሲባል ዓይናችን የሚሄደው ወደሚታየው ነው፤ ወደ ብሬሉ፣ ወደ ምልክት ቋንቋው፣ ወደ ዊልቸር መወጣጫው። እነዚያም ገና አልሞሉም፤ ይሙሉ። የማይታየው እክል ግን ጠያቂም የለው።

የ12ኛ ክፍል ፈተናን አስቡት። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ከ100 ተማሪ 96 ወይም 97ቱ ሲወድቅ «ሰነፎች ናቸው» ማለት ምንም ማብራሪያ አይሆንም። ይህን ያህል ሰው በወደቀበት መካከል ደግሞ በማንበብ እክል የወደቀውን ማን ለይቶ ያየዋል? ወደ ግቢ የሚደርሱትም ቢሆኑ ሁሉም እክሉ የሌለባቸው አይደሉም። እያንዳንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ እያነበቡ፣ ጓደኛ ሲያስረዳ በጆሮ እየያዙ እዚህ የደረሱ አሉ። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው «ይሄ እኔ ነኝ» የሚሉ ቢኖሩ አይገርመኝም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። መምህሮቻችን፣ በክፍል ሲናገር የሚያስደንቅ፣ ወረቀት ላይ ግን የሚጠፋ ተማሪ ስታገኙ ውጤቱን ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ በቃል ጠይቁት። ፈተና ላይ ግማሽ ሰዓት መጨመር፣ ጥያቄውን ማንበብ፣ የትምህርቱን ማስታወሻ ቀድሞ መስጠት በጀት አይጠይቅም። ፈተናው የሚመዝነው ኬሚስትሪን ከሆነ ኬሚስትሪን ይመዝን።

በየትምህርት ቤቱ የምትሠሩ ጓደኞቼ፣ ልጅን ጮክ ብሎ አንብብ ብላችሁ በጓደኞቹ ፊት አታሳቅቁት፤ ለብቻው አስነብቡት። መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ወላጆች፣ «የአክስትህን ልጅ አታይም?» የሚለውን ተዉት፤ ልጃችሁ በየቀኑ እያየው ነው። ቀጣሪዎችም፣ ማመልከቻ ላይ አንድ ፊደል ስለተሳሳተ ሰውዬው ሥራውን አይችልም አትበሉ።

ለሁላችንም ደግሞ አንድ የጋራ ሥራ አለ። ዛሬ ማታ ወይም ነገ «ሰነፍ» የሚለው ቃል አፋችን ላይ ሲመጣ፣ ቆም ብለን «አልሞከረም ወይስ ሞክሮ አቃተው?» ብለን እንጠይቅ። አልሞከረም ከሆነ ለምን እንደተወው እንጠይቅ። አቃተው ከሆነ ደግሞ መምከርና መቆጣት አይረዳውም፤ የሚያስፈልገው ሌላ መንገድ ነው። ያንን መንገድ ማበጀት የተማረ ሰው ሥራ ነው።

ውጭ ሻይ ቡና አለ። ጥያቄ ያለው፣ በተለይ ስለ ልጁ ሊያማክረኝ የሚፈልግ፣ እዚያ ያገኘኛል።