ድንቢጥን እንወቃት
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰሞኑን ልጆቻችን ከጣራ ሥር የድንቢጥ ጎጆ አፍርሰው፣ ላባ ያላበቀሉ ጫጩቶች መሬት ላይ ወድቀው አገኘን። ነገሩ አሳዘነን፤ ስለዚህ ስለ ወፏ ጥቂት እንበል።

በአገራችን በብዛት የምናያት ድንቢጥ ጭንቅላቷ አመድማ፣ ጀርባዋ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ወንዱ ከሴቷ አይለይም። በሌላው ዓለም የታወቀችው የቤት ድንቢጥ ግን ወንዱ ጉሮሮው ጥቁር ነው። አፈር ላይ የምትንከባለለውም ለጨዋታ አይደለም፤ ላባዋን ከተባይ ለማጽዳት ነው።

እርግጥ ነው፣ የተሰጣ እህል ትለቅምብናለች። ጫጩቶቿን የምትመግበው ግን በአብዛኛው ትልና ነፍሳት ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1958 «እህል ጨረሰች» ብላ ድንቢጥን ለማጥፋት ዘመቻ ከፈተች፤ ሕዝቡ ከበሮና ድስት እየደበደበ ማረፊያ አሳጣት። ወፏ ስትመናመን ሰብል የሚበላው ተባይ በረከተ። በ1960 ድንቢጥ ከዝርዝሩ ወጥታ በምትኳ ትኋን ገባ።

እኛም ከዚህ እንማር። እህል ስናሰጣ ጠባቂ እናስቀምጥ፤ ጎጆዋን ግን እንተውላት። እናቶችና አባቶች፣ ዛሬ ማታውኑ ልጆቻችሁን ምከሩ፤ ወንጭፉንም ተቀበሏቸው።