ተቃዋሚው ወገንና የፓናማ ቦይ ውል
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በአሜሪካ ሕገ መንግሥት መሠረት ፕሬዚዳንቱ ከውጭ መንግሥታት ጋር ውል ለመዋዋል ሥልጣን አለው። ውሉ የሚጸናው ግን በስብሰባ ከተገኙት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት ከሦስቱ እጅ ሁለቱ የተስማሙበት እንደ ሆነ ብቻ ነው። ምክር ቤቱ መቶ አባላት ያሉት ስለ ሆነ፥ ሁሉም በተገኙ ጊዜ የሚያስፈልገው ድምፅ 67 ነው። ይህን ያህል መቀመጫ ለብቻው የሚይዝ ፓርቲ በጣም ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚገኝ፥ ማናቸውም አዲስ ፕሬዚዳንት በምርጫ ያሸነፈውን ወገን ደጅ ሳይጠና ታላቅ ውል ሊያስጸድቅ አይችልም። አገሩ በውጭ ጉዳይ አንድ ልብ ሆኖ መታየት አለበት፥ የፓርቲ ክርክርም ከባሕር ዳርቻ ሊሻገር አይገባውም የሚለው የዋሽንግተን አባባል ከዚሁ የሒሳብ ችግር ጋር ተያይዞ ቢታይ የበለጠ ይገባል። አባባሉን የሚያነሡትም አብዛኛውን ጊዜ ሥልጣን ላይ ያሉት ናቸው።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጂሚ ካርተር ጃንዋሪ 20 ቀን 1977 ሥልጣን ሲረከቡ፥ የዴሞክራቲክ ፓርቲ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት 61 መቀመጫ ነበረው፤ ከእነርሱ ጋር የሚሰለፍ አንድ የግል አባልም ነበረ። ለአገር ውስጥ ሕግ ይህ ከበቂ በላይ ነው። አዲሱ ፕሬዚዳንት ግን ከሁሉ አስቀድመው እጃቸውን ያስገቡት ከሁሉ በሚከብደው ጉዳይ ላይ ሆነ፤ ይኸውም የፓናማ ቦይ ጉዳይ ነው።

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። በኖቬምበር 1903 ፓናማ ከኮሎምቢያ በተለየች በሁለተኛው ሳምንት የተፈረመው ውል፥ ቦዩ የሚቈፈርበትንና በግራ ቀኙ ያለውን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ምድር ለአሜሪካ ለዘላለም ሰጠ። አሜሪካም በዚያ ቦታ የልዑላዊነት ባለቤት እንደ ሆነ ያህል እንዲሠራ ፈቀደ። ዋጋው አሥር ሚሊዮን ዶላርና በየዓመቱ 250,000 ዶላር ነበረ። ስለ ፓናማ ሆኖ የፈረመው ግን ፊሊፕ ቡኖ ቫሪላ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው፤ ፓናማውያን ይህን አልረሱትም። ቦዩ በ1914 ተከፈተ። በጃንዋሪ 1964 በቦዩ ክልል ስለ ሰንደቅ ዓላማ የተነሣው ጠብ ከ20 በላይ ፓናማውያንንና አራት የአሜሪካ ወታደሮችን ከገደለ ወዲህ፥ ከጆንሰን ጀምሮ የመጡት ፕሬዚዳንቶች፥ ዴሞክራቱም ሪፐብሊካኑም፥ አዲስ ውል ያስፈልጋል በሚለው ተስማሙ። በ1974 ሔንሪ ኪሲንጀር ከፓናማ ጋር የፈረሙት የመሠረተ ሐሳብ ስምምነት ቦዩ ውሎ አድሮ ወደ ፓናማ እንደሚመለስ አስቀድሞ ወስኖ ነበር። እንግዲህ ካርተር የጨረሱት ሥራ ግማሹ የሪፐብሊካኖች ሥራ ነው ማለት ነው።

ሆኖም በ1976 በሪፐብሊካን ፓርቲ ውስጥ በተደረገው የዕጩነት ውድድር ሮናልድ ሬጋን ቦዩን የዘመቻቸው ዋነኛ መፈክር አደረጉት። ገዝተነዋል፥ ከፍለንበታል፥ የእኛ ነው የሚለው ቃላቸው በየአዳራሹ ሕዝቡን ከወንበሩ አስነሣ፤ በማርች ወር በሰሜን ካሮላይና ፎርድን ያሸነፉትም በአብዛኛው በዚሁ ነው። ካርተር ራሳቸው በዚያው ዓመት ከፎርድ ጋር በተከራከሩበት መድረክ ቦዩን በተግባር ከመቈጣጠር እንደማይለቁ ተናግረው ነበር። ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን አቋማቸውን ለወጡ፤ ተቃዋሚዎቻቸውም ይህን ደጋግመው አነሡባቸው።

ሴፕቴምበር 7 ቀን 1977 ካርተርና ጄኔራል ኦማር ቶሪሆስ ሁለት ውሎች ፈረሙ። አንደኛው ቦዩ በ1999 መጨረሻ ለፓናማ እንዲተላለፍ የሚያደርግ ሲሆን፥ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ቦዩ ለሁሉም አገር መርከቦች ገለልተኛ ሆኖ እንዲቈይ የሚያደርግ ነው። ጭቅጭቁ የገነነው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። ገለልተኝነቱን የሚያስከብረው ማን ነው? አሜሪካ በኃይል ለመግባት መብት አላትን? የጦር መርከቦቿስ በችግር ጊዜ ቀድመው ያልፋሉን? በዋሽንግተን የተሰጠው ትርጓሜና በፓናማ ከተማ የተሰጠው ትርጓሜ አልተገናኘም። ስለዚህ ሁለቱ መሪዎች ኦክቶበር 14 ቀን 1977 አንድ የጋራ መግለጫ አወጡ። ይኸውም አሜሪካ ቦዩን ከጥቃት የመከላከል መብት እንዳላት፥ ይሁን እንጂ በፓናማ የውስጥ ጉዳይ የመግባት መብት እንደሌላት፥ የጦር መርከቦቿም በአስቸኳይ ጊዜ ከሰልፉ ፊት እንደሚቀድሙ የሚያስረዳ ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የፓናማ ሕዝብ በውሳኔ ሕዝብ ውሎቹን ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል በሆነ ድምፅ ተቀበለ።

እዚህ ላይ የሪፐብሊካኖቹ መሪ የቴኔሲው ሐዋርድ ቤከር ይመጣሉ። ቤከር በ1980 ለፕሬዚዳንትነት ለመወዳደር የሚያስቡ ሰው ነበሩ፤ ከገዛ ፓርቲያቸው ብዙው መራጭ ውሎቹን እንደሚጠላም አሳምረው ያውቃሉ። ዝም ቢሉ ውሎቹ ይወድቁ ነበር፤ እርሳቸውንም ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። ቤከር ግን በጃንዋሪ 1978 ወደ ፓናማ ሄደው ከቶሪሆስ ጋር ፊት ለፊት ተነጋገሩ፤ ተመልሰውም፥ የኦክቶበሩ መግለጫ ወደ ውሉ ቃል ከገባ እደግፋለሁ አሉ።

የዚህን ብልኀት ሕግ ያጠና ሰው በቀላሉ ያደንቀዋል። ማሻሻያ የውሉን ቃል ይለውጣል፤ ስለዚህ ሌላው ተዋዋይ ካልተቀበለው ውሉ የለም። ተዓቅቦ ቃሉን ሳይለውጥ ግዴታውን ይወስናል፤ ትርጓሜ ደግሞ ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ያስረዳል። ቤከርና የዴሞክራቶቹ መሪ ሮበርት በርድ ያቀረቡት ማሻሻያ ነው። ነገር ግን ማሻሻያው ፓናማውያን ድምፅ ሳይሰጡ በፊት ያወቁትን ቃል ብቻ የያዘ ስለ ነበረ፥ ቶሪሆስ ሌላ ውሳኔ ሕዝብ ሳይጠሩ ሊቀበሉት ቻሉ። ከዚህ ተነሥቶ ወደ 1919 መለስ ብሎ ማየት ይቻላል። ያን ጊዜ የሪፐብሊካኖቹ መሪ ሔንሪ ካቦት ሎጅ በቬርሳይ ውል ላይ ተዓቅቦዎች ደረደሩ፤ ፕሬዚዳንት ዊልሰንም ደጋፊዎቻቸው ተዓቅቦ ያለበትን ውል እንዳይቀበሉ ነገሯቸው። ማርች 19 ቀን 1920 ውሉ 49 ለ35 በሆነ ድምፅ፥ ሰባት ድምፅ ጐድሎት ወደቀ፤ አሜሪካም የመንግሥታት ማኅበር አባል ሳትሆን ቀረች። ያው መሣሪያ፥ አንድ ጊዜ ውል ገዳይ ሌላ ጊዜ ውል አዳኝ ሆነ።

ክርክሩ በፌብሩዋሪ 1978 ተጀምሮ እስከ ኤፕሪል ዘለቀ፤ የምክር ቤቱ ክርክርም ለመጀመሪያ ጊዜ በራዲዮ በቀጥታ ተሰማ። የተቃዋሚው ወገን አንድ እንዳልነበረ የሚያሳዩ ነገሮች ብዙ ናቸው። ፎርድና ኪሲንጀር ውሎቹን ደገፉ። የወግ አጥባቂዎቹ ታላቅ ጸሐፊ ዊልያም በክሊ ከወዳጃቸው ከሬጋን ጋር በቴሌቪዥን ተከራክረው ስለ ውሎቹ ተሟገቱ። የካሊፎርኒያው ሳሙኤል ሃያካዋ፥ ቦዩን በሚገባ ሰርቀነዋልና ልንይዘው ይገባል እያሉ በ1976 ያሾፉ ሰው፥ በመጨረሻ ድምፃቸውን ለውሎቹ ሰጡ፤ ከዚያ በፊት ግን ፕሬዚዳንቱ በውጭ ጉዳይ ምክራቸውን እንዲሰሙ ጠይቀው ነበር። በዋሽንግተን እንዲህ ያለው ነገር እንደ ነውር አይቈጠርም።

ውሎቹን ለመግደል ከሁሉ የተቃረበው ግን ከተቃዋሚው ፓርቲ አልመጣም። የአሪዞናው ዴኒስ ዴኮንሲኒ የካርተር ፓርቲ አባል ነበሩ። ቦዩ በማናቸውም ምክንያት ቢዘጋ አሜሪካ በፓናማ ምድር ጭምር በጦር ኃይል ልትከፍተው ትችላለች የሚል ቃል እንዲጨመር አስገደዱ፤ ካርተርም ድምፃቸውን ለማግኘት ሲሉ ተቀበሉ። ማርች 16 ቀን የገለልተኝነቱ ውል 68 ለ32 ሲጸድቅ በፓናማ ቍጣ ነደደ፤ ቶሪሆስም ለተባበሩት መንግሥታት አቤት አሉ። ከሁለተኛው ድምፅ በፊት የሁለቱ ፓርቲዎች መሪዎች ያ ቃል በፓናማ የውስጥ ጉዳይ ለመግባት መብት አይሰጥም የሚል ተዓቅቦ አዘጋጅተው ቍስሉን ሸፈኑት። ኤፕሪል 18 ቀን ሁለተኛው ውል ደግሞ በ68 ለ32 ጸደቀ። ከ68ቱ 52ቱ ዴሞክራቶች፥ 16ቱ ሪፐብሊካኖች ነበሩ። ያለ 16ቱ የካርተር የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ በመጀመሪያው ታላቅ ፈተናው በወደቀ ነበር። ቶሪሆስ በዚያው ሌሊት፥ ውሉ ቢወድቅ ኖሮ ቦዩን ለማፍረስ ተዘጋጅቼ ነበር አሉ።

በእነዚያው ሳምንታት ሌላ ጉዳይ ከወደ አፍሪቃ ቀንድ ይመጣ ነበር። የካርተር መንግሥት በፌብሩዋሪ 1977 በሰብአዊ መብት ጉዳይ ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ ቀንሶ ነበር፤ በኤፕሪልም ደርግ የቃኘው ጣቢያን ጨምሮ ብዙ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችን ዘጋ። በማርች 1978 መጀመሪያ ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር እጅ ስትወጣ የኩባ ወታደሮችና የሶቪየት አማካሪዎች በጦር ሜዳው ነበሩ። ብርዜዚንስኪ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወደ አካባቢው ይላክ ሲሉ፥ ቫንስ ተቃወሙ። ፕሬዚዳንቱ ደካማ ናቸው ለሚሉት ይህ ጥሩ ማስረጃ ሆነላቸው። ለኦጋዴን ነዋሪ ግን ጉዳዩ ከካርተር ጥንካሬ ወይም ድክመት ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም።

ድምፁ ዋጋ አስከፈለ። በ1978 የኒው ሃምፕሻየሩ ቶማስ ማክኢንታየርና የአይዋው ዲክ ክላርክ፥ በ1980 ክርክሩን ከመሩት አንዱ ፍራንክ ቸርች ከመቀመጫቸው ተነሡ። የምርጫ ሽንፈት አንድ ምክንያት ብቻ የለውም፤ ዋጋ ንረትም ሌላም ነበረ፤ ነገር ግን ቦዩ በዘመቻው ሁሉ ተነሥቷል። የቤከር የፕሬዚዳንትነት ውድድር በ1980 ገና ከጅምሩ ቆመ። ያሸነፉት ሬጋን ሆኑ፤ ሥልጣን ከያዙም በኋላ ውሎቹን አልነኩም፥ ቤከርንም በ1987 የጽሕፈት ቤታቸው ኃላፊ አድርገው ሾሙ።

ዲሴምበር 31 ቀን 1999 እኩለ ቀን ላይ ቦዩ ለፓናማ ተላለፈ። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በበዓለ ሢመታቸው ንግግር ውሉ ተጥሷል፥ ቦዩንም እንመልሰዋለን አሉ፤ ፕሬዚዳንት ሆሴ ራውል ሙሊኖ ቦዩ የፓናማ ነው ሲሉ መለሱ። ይህን ጊዜ ክርክሩን የከፈቱት ተቃዋሚዎቹ አልነበሩም፤ ሥልጣኑን የተረከቡት ፕሬዚዳንት ራሳቸው ናቸው። ሁለቱም ወገኖች ለማስረጃ የሚገልጡት የገለልተኝነቱን ውል ነው፤ ቤከርና በርድ ያስገቧቸው ሐረጎችም እዚያው ውስጥ አሉ።