ጀልባውን ሳይበሱ ጥልቀትን መለካት
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገርበት የተመደበልኝ ጉዳይ በመጠኑ አነስተኛ፣ በውጤቱ ግን የተሳፋሪን ሕይወት የሚነካ ነው። ይኸውም የውኃ ጥልቀት መለኪያ መሣሪያ ድምፅ የሚልክበትንና የሚቀበልበትን ክፍል፣ ማለትም ትራንስዱሰሩን፣ የፋይበርግላስ ጀልባን ሆድ ሳይበሱ ከውስጥ በኩል ስለ መትከል ነው።

የመሣሪያው መሠረተ ሐሳብ የቆየ ነው። ታይታኒክ በ1912 እ.ኤ.አ. ከሰጠመች ከሁለት ዓመት በኋላ ካናዳዊው ሬጂናልድ ፌሰንደን በውኃ ውስጥ ድምፅ ልኮ ከበረዶ ተራራና ከባሕር ወለል የተመለሰውን ማሚቶ ለመቀበል ቻለ። የዛሬው መሣሪያ በመጠኑም በዋጋውም ቢያንስ ጠባዩ ያው ነው፤ ድምፅ ይልካል፣ ማሚቶውን ይጠብቃል፣ በመካከሉ ያለፈውን ጊዜ በድምፅ ፍጥነት አባዝቶ ለሁለት ያካፍላል።

ከውኃ መስመር በታች ቀዳዳ መብሳት የትም ቢሆን የማይወደድ ሥራ ነው። ጀልባን ከውኃ አውጥቶ ለማቆየት በማይመች ሐይቅ ላይ ደግሞ ቀዳዳው ማንጠባጠብ የጀመረ ዕለት የሚከተለውን ጣጣ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ፋይበርግላስ ግን ድምፅን ስለሚያሳልፍ ይህን ሁሉ ልናስቀረው እንችላለን። የሚከለክለን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም አየር ነው። ድምፅ ከውኃ ወይም ከሙጫ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ኃይሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። ስለዚህ ወረቀት የማያህል የአየር ንጣፍ ከወፍራም ፋይበርግላስ ይበልጥ ይጎዳል። የጣና ታንኳን ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ደንገሉን በውኃ ላይ የሚያንሳፍፈው በውስጡ የያዘው አየር ነው፤ በዚያው አየር ምክንያት ትራንስዱሰር ከታንኳ ውስጥ ቢቀመጥ አንዳች አይሰማም።

እንግዲህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የጀልባው ሆድ ድፍን ፋይበርግላስ መሆኑ ነው። ብዙ ጀልባዎች ክብደት ለመቀነስ ሲባል በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል የባልሳ እንጨት ወይም ስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ ይደረግባቸዋል። በእንዲህ ያለው ላይ መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው። ቦታውም ውኃው ሳይቆራረጥና ሳይታወክ በሚያልፍበት፣ ከፕሮፔለሩ ፊት ለፊት፣ በተቻለ መጠን ወደ መካከለኛው መስመር የቀረበ ይሁን።

ከማጣበቅ በፊት መፈተን ግድ ነው። ትራንስዱሰሩን ውኃ በሞላ ቀጭን የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብቶ፣ ከረጢቱ የሚያርፍበትንም ቦታ በውኃ አርሶ፣ በታሰበው ስፍራ ላይ መጫን ነው። የሚነበበው ቁጥር ትራንስዱሰሩ በጀልባው ጎን በኩል በቀጥታ ውኃ ውስጥ ገብቶ ከሚሰጠው ጋር ይነጻጸር። ጀልባው ቆሞም፣ በሙሉ ፍጥነት ሲጓዝም ይታይ። በወደብ ላይ በደንብ የሚሠራ ቦታ ጀልባው ሲፈጥን ከሥሩ በሚያልፈው አረፋ ምክንያት ዝም ሊል ይችላልና።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ቀለሙና ቅባቱ ተፍቆ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ በአሴቶንም ይጠረግ። ቀስ ብሎ የሚደርቅ ኤፖክሲ ይመረጥ፤ በደቂቃዎች የሚጠነክረው ዓይነት አረፋው ሳይወጣ ይያዛል፣ በብዛት ሲፈስም ራሱን አግሎ ይሰነጠቃል። ሲደባለቅ እንደ እንቁላል መመታት የለበትም። ትራንስዱሰሩ አንድ ጎኑን አስቀድሞ አዘንብሎ ይግባ፤ ከዚያም ቀኝና ግራ እያዟዟሩ በመጫን ከሥሩ ያለው አየር እንዲወጣ ይደረግ።

የጀልባው ሆድ በጣም የሾለ ከሆነ ግን በቀጥታ ማጣበቅ አይበጅም። ጨረሩ 20 ዲግሪ ቢያጋድል 10 ሜትር ጥልቀት 10.6 ሆኖ ይነበባል፤ ጥልቀትን አብዝቶ የሚናገር መሣሪያ ደግሞ ከሌለ የከፋ ነው። በዚህ ጊዜ ሥሩ በሆዱ ቅርጽ የተቆረጠ ትንሽ ሣጥን አጣብቆ፣ ዘይት ሞልቶ፣ ትራንስዱሰሩን በውስጡ ቀጥ አድርጎ ማቆም ይሻላል።

ብዙዎች የሚጨነቁት ድምፁ በፋይበርግላሱ ውስጥ ሲወጣና ሲገባ ስለሚቀንሰው ኃይል ነው። ከ250 ሜትር በላይ በሚጠልቀው በሻላ ሐይቅ ላይ ጭንቀቱ ተገቢ ነው። ጣና ግን 15 ሜትር ስለማይሞላ የሚተርፍ ኃይል አለ። እዚያ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ድምፁ ከተላከ በኋላ የጀልባው ሆድ ራሱ ለቅጽበት ስለሚያስተጋባ፣ ከቅርብ የሚመለስ ማሚቶ በዚያ ውስጥ ይዋጣል። የምንፈራው ድንጋይ ደግሞ ቅርብ ያለው ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የጣና ውኃ እጅግ ዝቅ ብሎ የመርከብ ጉዞን እንዳስተጓጎለ የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ መሣሪያው ከስንት ጥልቀት ጀምሮ እንደሚያነብ በዳርቻ አካባቢ፣ ምልክት በተደረገበት ዘንግ ተለክቶ ይረጋገጥ።

የድምፅ ፍጥነት ልዩነት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ብዙ መሣሪያዎች በሰከንድ 1,500 ሜትር ብለው ያሰላሉ፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ግን 1,482 ያህል ነው፤ በ10 ሜትር ላይ 12 ሴንቲሜትር ገደማ አብዝቶ ያሳያል ማለት ነው። ከውስጥ የተተከለ ትራንስዱሰር የሚነግረው ሙቀትም የጀልባውን ሆድ እንጂ የሐይቁን አይደለም።

በመጨረሻም መሣሪያው የሚለካው ከራሱ ጀምሮ ነው። ከትራንስዱሰሩ እስከ ጀልባው ዝቅተኛ ጫፍ ያለው ርቀት ተለክቶ በመሣሪያው ይሞላ፤ ቁጥሩ ከውኃው ገጽ ወይስ ከጀልባው ሥር የተቆጠረ መሆኑም በመሪው አጠገብ በጉልህ ይጻፍ፤ ጀልባውን ነገ የሚይዘው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና።