ስለ መጣልና ስለ መውደቅ፤ በትግል ውድድር ውስጥ ያለው የሚዛን ሥራ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ሰው ሰውን እንዴት እንደሚጥል የሚመረምር ርእስ በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት መቅረቡ ለአንዳንድ አድማጮች እንግዳ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የቆመ ሰው ማለት በሜካኒክ ዐይን ሲታይ ረዘም ያለ፣ በጠባብ መሠረት ላይ የተተከለ ግንብ ነው። ግንብ እንዳይወድቅ ሲያሰላ የሚውል ባለሙያ፣ ተጋጣሚውን በአንድ ቅጽበት ከእግሩ ነቅሎ ጀርባውን ምንጣፍ የሚያስነካውን ተወዳዳሪ ሲመለከት፣ የገዛ ሙያውን በግልባጩ ያየዋል። ልዩነቱ ይህኛው ግንብ የሚራመድና አልወድቅም ብሎ የሚከራከር መሆኑ ነው።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ቃል አያንሰውም። በመስክ ላይ የሚታገሉ እረኞች አንዱ ሌላውን ጠልፎ ጣለው፣ በጠረባ መታው፣ አንገዳግዶ ገፋው፣ አንሥቶ ፈጠፈጠው ይባላል። እነዚህ አባባሎች የተለያዩ የሜካኒክ ሥራዎችን ያመለክታሉ፤ ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ማንገዳገድ የሚለው ነው። ቀሪዎቹ ሁሉ ያለ እርሱ ከንቱ ድካም ናቸውና።

ጥቂት ቁጥር ማስቀመጥ ይበጃል። ክብደቱ 70 ኪሎግራም፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም የስበት ማእከሉ ከእምብርቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ከመሬት 96 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ከዚያ ነጥብ ቱምቢ ቢወርድ ከእግር ጣቶቹ ጫፍ 13 ሳንቲሜትር ገደማ ወደ ኋላ ያርፋል ተብሎ ይገመት። ይህን ሰው ከመሬት ሊያነሣው የሚፈልግ ክብደቱን በሙሉ፣ ማለትም ወደ 690 ኒውተን የሚጠጋ ኃይል፣ መሸከም ይኖርበታል። በአንጻሩ በደረቱ ልክ፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ35 ከፍታ ላይ፣ ልብሱን ጨብጦ ወደ ፊት ለሚስበው ሰው የሚያስፈልገው ኃይል 66 ኒውተን ብቻ ነው። ይህም ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። አንድ ልጅ ሊስበው በሚችል ኃይል አንድ ጎልማሳ ከሚዛኑ ይወጣል ማለት ነው።

ታዲያ ጎልማሶች በልጆች ሲወድቁ የማይታየው ለምንድን ነው? ሰው እንደ ድንጋይ ስላልሆነ ነው። ሲሳብ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ በተራመደም ጊዜ አዲስ መሠረት ዘርግቶ ስሌቱን ያፈርሰዋል። ስለዚህ የመጣል ጥበብ በአብዛኛው ያችን አንዲት እርምጃ የመከልከል ጥበብ ነው። መከልከያው መንገድ ብዙ ነው፤ መሰናክል ማቆም፣ የተሸከመችውን እግር ማጨድ፣ ወይም በጠረባ ገና ልታርፍ ያለችውን እግር መጥረግ። ጠረባ ከሁሉ ይልቅ የቀለለና ከሁሉ ይልቅ የከበደ ነው። እግሯ ክብደት ሳትቀበል ከተጠረገች ባለቤቱ ወደ ሌላ ስፍራ ያሳርፋታል። ክብደቱን በሙሉ ከተቀበለች በኋላ ደግሞ ሰበቃው ከምንጣፉ ጋር ያጣብቃትና ጠራጊው የራሱን አውራ ጣት ይጎዳል። በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ ከሰከንድ ጥቂት ክፋይ አትበልጥም። ይህን ጊዜ አውቆ የሚመታ ሰው ጉልበት ያወጣ አይመስልም፤ በውነትም አላወጣም።

ነገሩን በሥርዓት አስቦ ወደ ትምህርት የለወጠው በ1860 የተወለደው ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ ነው (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካኖ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ60 ያነሰ፣ ሰውነቱም የቀጠነ ስለነበረ በተማሪነቱ ጊዜ ጉልበተኞች ያጠቁት ነበር፤ ጂዩጂትሱ የተባለውን የጥንት የትግል ጥበብ ለመማር የተነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው። በልምምድ ቤቱ ፉኩሺማ የሚባል ግዙፍ ጓደኛ ነበረው፤ ካኖም በሚያውቀው ብልሃት ሁሉ ሊጥለው አልቻለም። በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር ለተማረ ሰው የሚገባ ነው። ሱሞ ከሚባለው የአገሩ ትግል መላ ፈለገ፤ ያም ሳይሳካ ሲቀር መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመረ። ስለ ምዕራባውያን ትግል ከተጻፈ መጽሐፍ ውስጥም፣ ከተጋጣሚ ሥር ገብቶ በትከሻ እንደ ሸክም አንሥቶ የመገልበጥን ዘዴ አገኘ። በጓደኞቹ ላይ ሞከረው፤ ቀጥሎም ፉኩሺማን ጣለበት። ዘዴው እስከ ዛሬ ድረስ ካታ ጉሩማ፣ ማለትም የትከሻ መንኮራኩር፣ እየተባለ ይጠራል።

ካኖ በ1882 ቶኪዮ ውስጥ በኤይሾጂ የቡድሃ ቤተ መቅደስ፣ 12 ምንጣፍ ብቻ በሚያነጥፍ ክፍል፣ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤቱን ከፈተ፤ ጁዶም ከዚያ ተወለደ። በ1895 ትምህርት ቤቱ 42 የአጣጣል ዘዴዎችን በአምስት ክፍል አደራጀ፤ በ1920 ዝርዝሩ ተሻሽሎ 40 ሆነ። ከዝርዝሩ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን እያንዳንዱን አጣጣል ለሦስት ደረጃ መክፈሉ ነው። የመጀመሪያው ኩዙሺ፣ ማለትም ሚዛን ማሳት ነው። ሁለተኛው ጹኩሪ፣ ጣዩ ሰውነቱን ለሥራው ወደሚመች ስፍራ የሚያስገባበት ነው። ሦስተኛው ካኬ፣ የመጨረሻው ድርጊት ነው። ተመልካች የሚያየው ሦስተኛውን ብቻ ስለሆነ የሚያጨበጭበውም ለእርሱ ነው። ዳሩ ግን ሥራው የተጠናቀቀው ቀደም ሲል ነው።

ካኖ ለተማሪዎቹ ይሰጠው የነበረ አንድ ምሳሌ አለ። የአንዱ ኃይል 10፣ የሌላው 7 ቢሆንና ባለ 10ሩ ቢገፋ፣ ባለ 7ቱ ቢቃወም ይሸነፋል። ሳይቃወም በግፊቱ ልክ ቢያፈገፍግ ግን ገፊው ወደ ፊት ያዘነብላል፤ በዚያችም ቅጽበት ሊጠቀምበት የሚችለው ኃይል ለምሳሌ 3 ብቻ ይሆናል፤ ባለ 7ቱም በግማሽ ኃይሉ ሊጥለው ይችላል። ይህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ ደካማ ሁልጊዜ ያሸንፋል እንደሚል ተደርጎ ይተረጎማል። እንዲህ አይልም። ጁዶ ራሱ ተወዳዳሪዎችን በክብደት ይከፋፍላል፤ ችሎታ እኩል በሆነ ጊዜ ክብደት የሚወስን መሆኑን ያምናልና። በ1964 በቶኪዮ ኦሎምፒክ ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ፣ ክብደት በማይለይበት ክፍል ሆላንዳዊው አንቶን ኼሲንክ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን በአገሩ ሕዝብ ፊት አሸነፈ። ኼሲንክ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሰው ነበረ፤ ግዙፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን አያሸንፍም ነበር። ጃፓኖችን ያስደነገጠው ግዙፉ ሰው ጥበቡንም ማወቁ ነው።

ከካኖ በኋላ የአጣጣል ዘዴዎችን በሜካኒክ ሕግ ለመከፋፈል ከጣሩት መካከል ኢጣሊያዊው አቲሊዮ ሳክሪፓንቲ ይገኛል። እርሱ በ1980ዎቹ ባቀረበው ጥናት፣ በስም ብዙ የሆኑትን ዘዴዎች ወደ ሁለት ቤተሰብ ጠቀለላቸው። አንደኛው ቤተሰብ በጥንድ ኃይል የሚሠራ ነው። በኦሶቶ ጋሪ ጣዩ የተጋጣሚውን ደረት ወደ ኋላ እየገፋ እግሩን በዚያው ጊዜ ወደ ፊት ያጭዳል፤ ተጋጣሚው በስበት ማእከሉ ዙሪያ ይሽከረከራል። ሁለተኛው በመፈንቅል የሚሠራ ነው። በሴዮ ናጌ ጣዩ ጀርባውን ሰጥቶ ከሥር ይገባና ወገቡን ወይም ትከሻውን ባላ አድርጎ ተጋጣሚውን ይገለብጠዋል። የክፍፍሉ ጥቅም በውድድር ቦታ ይታያል። በጥንድ ኃይል የሚሠራው ተጋጣሚው እየተንቀሳቀሰ ሳለ ሊሞከር ይችላል፤ በመፈንቅል የሚሠራው ግን ለቅጽበት እንኳ ቢሆን ተጋጣሚው እንዲቆም ይጠይቃል፤ ባላውም የግድ ከስበት ማእከሉ ዝቅ ማለት አለበት። አጫጭር ሰዎች ሴዮ ናጌን፣ ረጃጅሞች እግር የሚያጭዱትንና የሚያነሡትን መውደዳቸው እንዲሁ በልማድ የመጣ አይደለም።

አሁን ወደ ውድድሩ ደንብ ሲታለፍ ጉዳዩ ይወሳሰባል፤ የትኛው ዘዴ እንደሚለመድና የትኛው እንደሚረሳ የሚወስነው ሜካኒክ ብቻ ሳይሆን የነጥብ ሠንጠረዡ ነውና። በጁዶ ተጋጣሚውን በፍጥነት፣ በኃይልና በቁጥጥር ጀርባውን ያስነካ ሰው ኢፖን ያገኛል፤ ግጥሚያውም በዚያው ያበቃል። ስለዚህ የጁዶ ሰው ለአንድ ታላቅ አጣጣል ብዙ ይደፍራል። በብራዚል ጂዩጂትሱ ግን በታወቀው የውድድር ደንብ ተጋጣሚን መጣል 2 ነጥብ ሲያስገኝ፣ ከኋላ መያዝ 4 ያስገኛል። ጀርባን ሰጥቶ ሴዮ ናጌ የሚሞክር ሰው ቢሳካለት 2 ያገኛል፤ ባይሳካለትና ከኋላ ቢያዝ 4 ያጣል። በዚህ ቀላል ሂሳብ ሙከራው አትራፊ የሚሆነው ከሦስት ጊዜ ከሁለቱ የበለጠ ከተሳካ ብቻ ነው። የጂዩጂትሱ ተወዳዳሪዎች በገዛ ፈቃዳቸው ተቀምጠው ትግሉን ከመሬት ሲጀምሩ የሚተቿቸው ሰዎች ይህን ሂሳብ አልሠሩም። ፈሪዎች ሳይሆኑ ሠንጠረዡን ያነበቡ ናቸው።

የዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን ደግሞ ከ2010 ጀምሮ እግርን በእጅ በቀጥታ ይዞ መጣልን ከለከለ፤ በ2013 ክልከላው ጠብቆ ከቀበቶ በታች በእጅ መያዝ በጠቅላላው ቀረ። ዓላማው ጎንበስ ብሎ ወደ እግር የሚሮጠውን አታጋገል ለነፃ ትግል ትቶ፣ ጁዶን ቀጥ ብለው ቆመው የሚጣሉበት ስፖርት ማድረግ ነበር። በዚህም ተሳክቶለታል፤ አጣጣሎቹ አምረዋል። ክፍያው ግን ቀላል አይደለም። መሥራቹ ካኖ ከመጽሐፍ ያገኘው ካታ ጉሩማ እግር ይዞ የሚሠራ ስለሆነ፣ በጥንቱ መልኩ ዛሬ በዓለም አቀፍ ግጥሚያ ሊሠራ አይችልም።

ማንሣት ያለ ማንገዳገድ አይሆንም የሚለውን ደንብ የሚፈታተን አንድ ሰው ነበረ፤ እርሱም ሩሲያዊው አሌክሳንደር ካሬሊን ነው። በግሪኮ ሮማን ትግል፣ ከወገብ በታች መንካት በማይፈቀድበት ስፖርት፣ ካሬሊን በምንጣፉ ላይ በሆዱ የተኛን ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ተጋጣሚ በወገቡ አቅፎ አንሥቶ ወደ ኋላ ይወረውረው ነበር። በ1988፣ በ1992ና በ1996 የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ። ይህ ግልጽ ጉልበት ነው፤ የ66 ኒውተኑ ስሌት እዚህ አይሠራም። ይሁን እንጂ በ2000 በሲድኒ አሜሪካዊው ሩለን ጋርድነር ሳይነሣለት ቀረ፤ ካሬሊንም 1 ለ 0 ተሸነፈ።

ልብስ በማይያዝበት የተቀላቀለ ማርሻል አርት ደግሞ እጀታው ይጠፋል። እጅጌና ኮሌታ ለጣይ ረጅም የሞመንት ክንድ ይሰጡት ነበር፤ ላብ ያረጠበው ቆዳ ግን ሰበቃው አነስተኛ ነው። አሜሪካዊቷ ሮንዳ ራውዚ በ2008 በቤጂንግ በጁዶ ነሐስ ካገኘች በኋላ ወደዚህ ስፖርት ስትገባ፣ መፍትሔዋ በኮሌታ ፈንታ ራስና ክንድን በአንድነት አቅፋ በዳሌዋ ላይ መጣል ነበር፤ በዚህም የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በኖቬምበር 2015 በሜልቦርን የገጠመቻት ሆሊ ሆልም ግን ዙሪያውን እየተመላለሰች፣ እየመታች፣ እቅፍ ሳትገባ በሁለተኛው ዙር አሸነፈቻት። ያልተያዘ ሰው አይጣልም።

እስካሁን የተነገረው ስለ ጣዩ ነው። ስለ ወዳቂው የሚባለው ግን ይበልጥ ከባድ ነው። ያው 70 ኪሎ ሰው በትከሻ ላይ ተነሥቶ የስበት ማእከሉ ከ1 ሜትር ከ30 ከፍታ ቢወድቅ፣ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 5 ሜትር ገደማ፣ የተሸከመውም ጉልበት ወደ 900 ጁል ነው። ምንጣፉና ሰውነቱ በአንድነት 5 ሳንቲሜትር ቢሰጡለት፣ አማካይ የመቆም ፍጥነት ቅነሳው የስበትን 26 እጥፍ ይሆናል። 1 ሳንቲሜትር ብቻ ቢሰጡለት 130 እጥፍ ይደርሳል። አወዳደቅን መማር፣ ማለትም መንከባለል፣ በክንድ ምንጣፉን መምታትና አገጭን ወደ ደረት ማስጠጋት፣ ይህን ኃይል በስፋትና በጊዜ ማከፋፈል ነው።

ይህ ሳይሟላ ሲቀር የሚደርሰው ነገር በጃፓን ታይቷል። ከ1983 ወዲህ ባሉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ውስጥ በትምህርት ቤቶች በጁዶ ልምምድ ምክንያት ከመቶ የሚበልጡ ተማሪዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ ለአወዳደቁ አዲስ የሆኑ ልጆች ነበሩ፤ በተደጋጋሚ የተጠቀሰውም አጣጣል ወደ ኋላ የሚጥለው ኦሶቶ ጋሪ ነው። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ራስ ምንጣፉን ሳይመታ እንኳ በኃይል ሲወናጨፍ በአንጎልና በራስ ቅል መካከል ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ሊበጠሱ ይችላሉ። ስለዚህ የምንጣፍ ውፍረት ብቻውን መድኅን አይሆንም፤ የመሽከርከርን ኃይል ምንጣፍ አያስቀረውም። የጃፓን የጁዶ ፌዴሬሽን በ2022 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አገር አቀፍ ውድድር አስቀርቷል፤ በለጋ ዕድሜ ማሸነፍ ብቻ የሚፈለግበት መንፈስ ተንሰራፍቷል በማለት።

ጣዩ ለወዳቂው ሊያደርግለት የሚችለው አንድ ነገር አለ። ተጋጣሚው በአየር ላይ ሳለ እጅጌውን ሳይለቅ ወደ ላይ ቢስብለት፣ የላይኛው አካሉ ዘግይቶ ያርፋል፣ ራሱም ከምንጣፉ ይርቃል። ይህ በልምምድ ቤት እንደ ጨዋነት ይቆጠራል፤ በውድድር ግን ዳኛው ኢፖን ለመስጠት ከሚመለከታቸው መመዘኛዎች አንዱ፣ ቁጥጥር የሚባለው፣ ያው የእጅጌ አያያዝ የሚታይበት ነው።