የግድግዳ ሰሃን አሰቃቀል
(በወሩ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር)



የመዋጮውና የድንኳኑ ጉዳይ ስላለቀ፣ ከመበተናችን በፊት ጥቂት ደቂቃ ብትሰጡኝ ስለ ግድግዳ ሰሃን አንድ ነገር ልናገር። እባካችሁ እንዳትስቁብኝ። የደረሰብኝን ደብቄ ነገ በአንዳችሁ ቤት ቢደርስ ጥፋቱ የእኔ ነው።

እንደምታስታውሱት ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ፣ በፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። እኛ ቤት እህቴ ከኢየሩሳሌም ለእናቴ ያመጣችላት ሥዕል ያለበት የሸክላ ሰሃን ነበር። ከእናቴ አልጋ ራስጌ የሰቀልኩት እኔው ነኝ። በዚያ ሌሊት ሰሃኑ ወረደና የአልጋውን እንጨት መትቶ ለሦስት ተሰበረ፤ ስባሪው ትራሱ ላይ ነው የተገኘው። እናቴ ለጸሎት ተነሥታ ስለነበር ተረፈች እንጂ ምን ልበላችሁ!

ሲነጋ ግድግዳውን አየሁት። ሚስማሩ ቁራጭ ጭቃ እንደያዘ ወጥቷል። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ሰሃኑን የያዘው ምርጊቱና ቀለሙ ብቻ ኖሯል!

ከሰፈራችን ቤቶች ብዙዎቹ ጭቃ ስለሆኑ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በጭቃ ቤት ክብደት የሚሸከመው ውስጥ ያለው ቋሚና ማገር ነው እንጂ ልስኑ አይደለም። ቋሚውን ለማግኘት ቀጭን ሚስማር ወስዳችሁ ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉ። ዝም ብሎ ከገባ ጭቃ ነው፤ ገባ ካለ በኋላ እምቢ ብሎ ከጠነከረ እንጨት አግኝታችኋል። ካላገኛችሁ ሁለት ሦስት ጣት ፈቀቅ ብላችሁ ሞክሩ፤ ቀዳዳው በኋላ ይመረጋል። እንጨቱ ሲገኝ ረዘም ያለውን ሚስማር ራሱ ወደ ላይ ቀና፣ ጫፉ ወደ ታች ዘንበል ብሎ እንዲገባ ምቱት። እንጨቱ በምስጥ የተበላ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። ዝናብ የሚያስገባ ግድግዳም እንደዚሁ ነው።

የብሎኬት ቤት ያላችሁ፣ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሚስማር ልስኑን ይሰነጥቃል እንጂ አይጨብጥም። በድሪል ተበስቶ ፊሸር ገብቶበት በቪቴ ይታሰር። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት በላይ፣ በታችም ሆነ በጎን በቀጥታ አትምቱ፤ ሽቦው ብዙ ጊዜ በዚያ ነው የሚያልፈው። በተጠራጠራችሁ ጊዜ ቆጣሪው ይጥፋ።

አሁን ወደ ሰሃኑ። አንዳንዱ ሰው በማስቲሽ ክር ይለጥፍበታል። ኧረ ተዉ! ሙቀትና የቡና ጭስ እያደረቀው አንድ ቀን ይለቃል። የሚሻለው ጠርዙን በአራት ቦታ የሚቆነጥጠው የሽቦ መያዣ ነው፤ ልኩ ከሰሃኑ ጋር ይስማማ። ከላላ ያመልጣል፤ ከጠበቀም ጠርዙን ይሸርፋል። ሽቦው በሚነካበት ቦታ የመብራት ገመድ ፕላስቲክ ልጣችሁ አልብሱት። ግድግዳ ላይ ከመስቀላችሁ በፊት ፍራሽ ላይ ከፍ አድርጋችሁ በሽቦው አንጠልጥሉትና ወደ ታች ሳብ ሳብ አድርጉት። ከወደቀ ፍራሹ ላይ ይውደቅ።

ቦታውን በተመለከተ የማልደራደርበት ነገር አለ። ከአልጋ ራስጌ፣ ሕፃን ከሚተኛበትና እንግዳ ከሚቀመጥበት በላይ ከባድ ሰሃን አይሰቀል። እዚያ ስፌት ስቀሉ፤ ቢወድቅም ማንንም አይጎዳም። በር አጠገብም ጥሩ አይደለም፤ በሩ በተዘጋ ቁጥር ሚስማሩን ያንገጫግጨዋል። ለበዓል ቤት ስታጸዱ ሰሃኑን አውርዳችሁ ሽቦው ዝጎ እንደሆነ እዩ፤ ሚስማሩንም በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉት።

የእናቴን ሰሃን አጣብቄላታለሁ። አሁን ቡፌው ውስጥ ቆሟል፤ እሷ ግን ግድግዳው ባዶ ሆነ እያለች ታጉረመርማለች።

ድሪል ለሌላችሁ፣ እኔ ዘንድ አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ነኝ፤ ፊሸርና ቪቴውን ይዛችሁ ኑ። መሰላል ግን የለኝም፤ ከጎረቤት ለምኑ።